ሁለት ፍላሽ የህንድ ፊልም፦ በጅማ መርካቶ ያለ አንድ የፊልም ቤት ሲመዘን

ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ የሞባይል መለዋወጫና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች መካከል፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ ፊልም የሚጭን አንድ ጠባብ ቤት አለ። በከተማው ይህን ሥራ የሚሠሩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ግን ደንበኛው የጠየቀውን፣ ካልጠየቀም እጃቸው ላይ የተገኘውን ጭነው ይሰጣሉ። ይህ ቤት የሚለየው የህንድ ፊልሞችን መርጦ በሁለት ስብስብ ከፍሎ በማቅረቡ ነው። «የቤተሰብ» የሚለው ፍላሽ እስከ 2000 ድረስ የተሠሩትን፣ «ዘመናዊ» የሚለው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ይይዛል፤ ከእያንዳንዱም ጋር የፊልሙን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የዋና ተዋንያኑን ስምና ስለ ታሪኩ አንድ ሁለት መስመር የያዘ ወረቀት ይሰጣል። (ስለ ፊልሞቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ገዝቼ ክረምቱን ከእናቴና ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው የእህቴ ልጅ ጋር ስንመለከታቸው ቆይተናል። አገልግሎቱን ወድጄዋለሁ፤ አከፋፈሉን ግን ልቀበለው አልቻልኩም።

በቅድሚያ ስለ አገልግሎቱ። ባለቤቱ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ቤት ያለው ቴሌቪዥን ፍላሽ በቀጥታ ያነብ እንደሆነ ወይም በሪሲቨር በኩል የሚታይ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያም ከየፊልሙ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ጥቂት ጥቂት በሱቁ ስክሪን ላይ ከፍቶ ያሳያል። ከወሰድኳቸው ፊልሞች የአንዱ ድምፅ መሐል ላይ ከምስሉ ወደ ኋላ ቢቀርብኝ ይዤው ተመለስኩ፤ ያለ ክርክር በሌላ ቅጂ ተካልኝ። ለታላላቆች ያለው አክብሮትም የሚያስመሰግን ነው፤ እናቴን «አዴ» እያለ በርጩማ ስቦ አስቀምጦ፣ የምትወደውን የድሮ ተዋናይ ስም እስክታስታውስ ድረስ ሳያጣድፍ ጠብቋታል።

የምነቅፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የአማርኛ ትርጉም የተሠራላቸው ፊልሞች ዘፈኖቻቸው ተቆርጠው መጫናቸው ነው። ዘፈኑ ጊዜ ይወስዳል፣ ቦታም ይይዛል የሚለው ምክንያት አላሳመነኝም። በህንድ ፊልም ውስጥ ዘፈን ገጸ ባሕርያቱ በንግግር ሊሉት የማይፈቀድላቸውን የሚሉበት ቦታ ነው። ሁለት ወጣቶች በቤተሰብ ፊት ዓይን ለዓይን መተያየት በማይችሉበት ታሪክ ውስጥ ፍቅራቸው የሚያድገው፣ ጥርጣሬያቸው የሚገለጠው፣ ወራት የሚያልፉት በዘፈኑ ውስጥ ነው። ዘፈኑ ሲወጣ ተመልካቹ ትናንት የተዋወቁ ሰዎች ዛሬ ቤተሰባቸውን ሊቃወሙ ሲነሡ ያያል፤ ከዚያም «ዘመኑ ምን ያህል ቢበላሽ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ያረፈው መቀሱ በሠራው ሌላ ታሪክ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ወላጆችን ይበልጥ የሚመለከት ነው። በህንድ ማንኛውም ፊልም በሲኒማ ቤት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ በ1952ቱ የሲኒማቶግራፍ ሕግ መሠረት የሚሠራው የፊልም ቦርድ ተመልክቶ ደረጃ ይሰጠዋል። «ዩ» ለሁሉም ተመልካች፣ «ዩኤ» ልጆች በወላጅ ምክር የሚያዩት፣ «ኤ» ደግሞ ለአዋቂ ብቻ ማለት ነው፤ በ2023 የተሻሻለው ሕግ «ዩኤ»ን ራሱን በ7፣ በ13 እና በ16 ዓመት ዕድሜ ከፋፍሎታል። ይህን የሚገልጸው የምስክር ወረቀት በፊልሙ መክፈቻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። ሱቁ ግን የፊልሞቹን መክፈቻ እየቆረጠ በምትኩ የራሱን የስልክ ቁጥርና ማስታወቂያ ያስገባል። በዚህም የተነሣ፣ ለወላጅ እንዲጠቅም ታስቦ የተዘጋጀው ምልክት ጠፍቶ፣ በቦታው «የቤተሰብ» እና «ዘመናዊ» የሚል የሱቁ ስያሜ ብቻ ይቀራል።

ባለቤቱን ለምን 2000 ላይ እንደከፈለው ስጠይቀው፣ «እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ ህንድም ፈረንጅ ሆናለች። የድሮውን ከልጆች ጋር ተቀምጠው ያዩታል፤ የአሁኑን ግን ሪሞቱን ይዘው ነው» አለኝ። ይህ የእርሱ ብቻ አስተያየት አይደለም። በእኛ ከተማ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ብዙ ወላጅ እንዲሁ ያስባል፤ በህንድ አገርም ይኸው ክርክር ለዓሥርተ ዓመታት ሲካሄድ ኖሯል። ሥጋቱን አላቃልለውም፤ እኔም ዘመናዊ በተባለው ፍላሽ ውስጥ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ላየው ያፈርኩበት ትዕይንት አለ። ሆኖም ፊልሞቹን በዓመታቸው ቅደም ተከተል ስንመለከት ያገኘነው ነገር ሱቁ ካሰመረው መስመር ጋር አልገጠመም።

የቤተሰብ ፍላሽ የሚጀምረው በ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ወረቀቱ «ስለ እናት ፍቅር» ይለዋል። ናርጊስ የተጫወተቻት ራዳ ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ፣ አራጣ አበዳሪው እህሏን እየወሰደባት፣ ጎርፉ ማሳዋን እያጠፋባት ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ታናሹ ልጇ ቢርጁ ሸፍቶ የዚያኑ የአራጣ አበዳሪ ልጅ በሠርጓ ቀን ሲጠልፍ ግን ጠመንጃ አንሥታ የገዛ ልጇን ትገድላለች። የሰውየው ልጅ ክብር የመንደሩ ሁሉ ክብር ነው፤ እናትነትም ከዚያ በታች ነው። ይህ ከፍቅር ይልቅ የፍርድ ታሪክ ነው፤ የድሮው የህንድ ፊልም ከሁሉ በላይ ቤተሰብን ያስቀድማል የሚል ሰው ይህን መጨረሻ ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም። የምዕራቡ ተጽዕኖም ቢሆን ያን ጊዜ አልነበረም ማለት አይቻልም። የፊልሙ ርዕስ ራሱ የተወሰደው አሜሪካዊቷ ካትሪን ማዮ በ1927 የህንድን ማኅበረሰብ አጥብቃ ከነቀፈችበት መጽሐፍ ስም ነው፤ ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን ስሙን ወስዶ መልስ አድርጎ መለሰው። መሳሳሙም ቢሆን በዘመናችን አልተጀመረም፤ ዴቪካ ራኒና ሂማንሹ ራይ በ1933 «ካርማ» በተሰኘው ፊልም በግልጽ ተሳስመዋል። የሁለት አበቦች መነካካት በመሳሳም ፈንታ መታየት የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1970 የወጣው የማኖጅ ኩማር «ፑራብ ኦር ፓሽቺም» ጉዳዩን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ባራት የተባለው ወጣት ለትምህርት ለንደን ሄዶ፣ እዚያ ያደገችውን፣ ፀጉሯን ወርቃማ ያደረገችውን፣ ሲጋራ የምታጨሰውንና መጠጥ የምትጠጣውን የህንድ ልጅ ያገኛል፤ ወደ ህንድ ይዟት ሲመጣም ትለወጣለች። እዚህ ምዕራቡ የብልግና አድራሻ ነው። ነገር ግን ዳይሬክተሩ የሚያወግዘውን አኗኗር ለማውገዝ ሲል ለረጅም ሰዓት ያሳየዋል፤ ተመልካቹም ውግዘቱንና ማማለያውን በአንድ ቲኬት ገዝቶ ይወጣል።

«ዲዋር» በ1975 የወጣ ነው፤ እርሱም በቤተሰብ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል። አሚታብ ባችቻን ኮንትሮባንዲስት፣ ሻሺ ካፑር ፖሊስ የሆኑበት የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው፤ አንዱ ሀብቱን ሲቆጥር ሌላው «እኔ እናቴ አለችኝ» ብሎ የሚመልስበት ቦታ ህንዶች ዛሬም በቃላቸው የሚደግሙት ነው። እናትየው ሕግ ካለበት ልጅ ጋር መቆሟ ትልቅ ትምህርት እንደሆነ እናቴም እኔም ተስማምተናል። ይሁንና በዚሁ ፊልም ውስጥ ፓርቪን ባቢ የተጫወተቻት አኒታ አለች፤ ታጨሳለች፣ ትጠጣለች፣ ሳትጋባም ታረግዛለች። ፊልሙ ከሠርጓ በፊት እንድትገደል ያደርጋል። ስለዚህ «ዘመናዊ» የተባለው ነገር በቤተሰብ ፍላሽም ውስጥ አለ፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ሴቲቱ በሕይወቷ የምትከፍልበት መሆኑ ነው። የእህቴ ልጅ «እሷ ሞተች፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ጀግና ነው» አለች። ይህ ትክክለኛ አስተያየት ነው፤ እኛ ትልልቆቹ ስንት ጊዜ አይተነው ያላልነው ነው።

ከስብስቡ ሁሉ ረጅም ውይይት ያስነሣው ግን የ1995ቱ የአዲቲያ ቾፕራ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ነው። በሙምባይ ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሳይወርድ የታየ ፊልም ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ሻህ ሩክ ካን የተጫወተው ራጅ ለንደን ያደገ፣ ፈተና የወደቀ፣ ካጆል ከተጫወተቻት ልጅ አባት ሱቅ በማታለል ቢራ የሚወስድ ልጅ ነው፤ በ1970ው ፊልም ቢሆን ኖሮ መጥፎ ምሳሌ ይሆን ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ልጅቷ ሰክራ እርሱ ክፍል ውስጥ ስትነቃ በመጀመሪያ ይቀልድባታል፤ ስታለቅስ ግን ህንዳዊ መሆኑንና የህንድ ልጅ ክብር ምን እንደሆነ እንደሚያውቅ ይነግራታል። ፊልሙ የሚለው ሰው ልብሱን፣ ሙዚቃውንና መጠጡን ከምዕራቡ ወስዶ ሥነ ምግባሩን ከአባቶቹ ሊይዝ ይችላል ነው። እናትየው ጌጧን አውጥታ «ይዘሃት ጥፋ» ስትለው እምቢ ብሎ የአባቷን ፈቃድ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ አባት እስኪረታ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የእኛ ተመልካች ይህ ትዕይንት ትርጉም አያስፈልገውም።

እናቴን የነካት ግን ይህ አልነበረም። የልጅቷ እናት ላጆ፣ በልጅነቷ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ተብሎ እንደተነገራት፣ በኋላ ግን ለወንድሞቿ ሲባል ትምህርቷን እንደተወች፣ ለልጇ ይህ እንዳይደርስ ምላ እንደነበርና አሁን ግን ያንኑ መሥዋዕትነት ከልጇ ልትለምን እንደመጣች የምትናገርበት ቦታ አለ። እናቴ «እውነቷን ነው፤ እኛንም እንዲሁ ነው ያደረጉን» አለች። የአባትን ፈቃድ ይህን ያህል የሚያከብር ፊልም፣ ያ ፈቃድ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ አብሮ አስቀምጦታል። ሱቁ «የቤተሰብ» ያለው በአባትየው ምክንያት ከሆነ፣ ግማሹን ብቻ አይቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ለውጥ ለመረዳት ከፊልሙ ውጭ መመልከት ያስፈልጋል። ህንድ በ1991 ኢኮኖሚዋን ለውጭ ንግድ ከፈተች፤ በዚያው ሰሞን የሳተላይት ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ በ1997 የመጀመሪያው ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ በዴልሂ ተከፈተ፤ በ1998 ደግሞ መንግሥት ለፊልም ሥራ የኢንዱስትሪ ዕውቅና ሰጠው፤ ይህም ከባንክ ለመበደር መንገድ ከፈተለት። ለንደንና ኒውዮርክ የሚኖረው ህንዳዊ የሚከፍለው ፓውንድና ዶላርም ለአዘጋጆቹ ከፍ ያለ ገቢ ሆነ። ፊልም የሚሠራው ለከፋዩ ነውና፣ ገበሬው ከስክሪኑ እየራቀ፣ ውድ መኪናና የባሕር ማዶ አፓርታማ እየቀረበ ሄደ።

በ2005 የወጣው «ሳላም ናማስቴ» ሜልበርን ውስጥ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሁለት ወጣቶችን ያሳያል፤ ልጅቷ ታረግዛለች፤ እርሱ እንድታስወርድ ሲፈልግ እርሷ እምቢ ትላለች። እንደ አኒታ አትሞትም፤ መጨረሻቸውም ጋብቻ ነው። በ2006 የወጣው የካራን ጆሃር «ካቢ አልቪዳ ና ኬህና» ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በየትዳራቸው እያሉ የተዋደዱ ሁለት ሰዎችን ይዞ ይነሣል፤ እዚያ ውስጥ አሚታብ ባችቻን የተጫወተው አማት ሊሞት ሲል ምራቱን ጠርቶ ልጁን እንድትተወው ይመክራታል። ከስብስቡ ውስጥ እጅግ ያስደነገጠን ይህ ቦታ ነው። በ1957 መንደሩ፣ በ1975 ሕግና እናት፣ በ1995 አባት የያዙት ውሳኔ አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች እጅ ገብቷል፤ ሽማግሌው ራሱ አስረክቧቸዋል። ለውጡ እዚህ ላይ ነው። ቀሚሱ ማጠሩና መሳሳሙ መታየቱ የዚህ ውጤት እንጂ ራሱ ጉዳዩ አይደለም።

እኔ የማዝንበት ሌላ ነው። በአዲሶቹ ፊልሞች በብዙዎቹ ሥራ አይታይም። ራዳ ሞፈሩን በትከሻዋ ስትጎትት ጭቃው እግሯን ሲይዘው እናያለን፤ የዘመናዊው ፍላሽ ገጸ ባሕርያት ግን ኪራዩን በምን እንደሚከፍሉ አይታወቅም። ቡና ለቅማ፣ ገበያ ውላ ልጅ የምታስተምር እናት በሞላባት በጅማ፣ ወጣቱን የሚጎዳው ከመሳሳሙ ይልቅ ይህ ድካም የሌለበት ምቾት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መሳሳሙን ሪሞት ያሳልፈዋል፣ ይኸኛው ግን በየትዕይንቱ ጀርባ ተዘርግቶ ይቀመጣል።

ዘመናዊ የተባለው ፍላሽ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ግን ግፍ ነው። በ2012 የወጣውን የጋውሪ ሺንዴን «ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ» ሱቁ በየትኛው ሚዛን ከቤተሰብ ፍላሽ እንዳስቀረው አልገባኝም። ስሪዴቪ የተጫወተቻት ሻሺ ጣፋጭ እየሠራች የምትሸጥ የቤት እመቤት ናት፤ እንግሊዝኛ ስለማትችል ባሏና ልጇ ይሳለቁባታል፤ ልጅቷ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ እናቷ በመምጣቷ ታፍራለች። ሻሺ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ኒውዮርክ ስትሄድ በድብቅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ትጀምራለች፤ አብሯት የሚማር ፈረንሳዊ ምግብ አብሳይ ያደንቃታል፤ እርሷ ግን ትዳሯን አትተውም፤ በሠርጉ ላይ በእንግሊዝኛ ተነሥታ የምትናገረው ቤተሰብ ማለት ሰውን የማያሳንስ መሆን እንዳለበት ነው። በዚህ ፊልም ምዕራባዊነት የሚጎዳው በኒውዮርክ አይደለም፤ በገዛ ሳሎኗ ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ልጆቿን ያሳደገች፣ ልጇን ግን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ከፍላ የምታስገባ እናት በከተማችን ስንት ናት? የእህቴ ልጅ ፊልሙ ሲያልቅ ተነሥታ ለአያቷ ሻይ አፈላችላት፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የቤተሰብ ፊልም አላውቅም።

የ2014ቱ «ኩዊን»ም በዚሁ ረድፍ ይቆማል፤ እጮኛዋ ከሠርጓ በፊት የጣላት የዴልሂ ልጅ ለጫጉላ የተገዛውን ጉዞ ብቻዋን ወደ ፓሪስና አምስተርዳም ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ግን ቀለበቱን ለመመለስ ድፍረት አግኝታ እንጂ ክብሯን ጥላ አይደለም። በተቃራኒው በ2003 የወጣው «ባግባን»፣ ልጆቻቸው ተከፋፍለው የወሰዷቸውን የአረጋውያን ባልና ሚስት ታሪክ የያዘው፣ ከ1960ዎቹ ፊልሞች ይልቅ ወግ አጥባቂ ሆኖ ሳለ «ዘመናዊ» ተብሎ ተጭኗል። እናቴ አልቅሳበታለች። እኔ ግን ልጆቹ በሙሉ ክፉ፣ ወላጆቹ በሙሉ ንጹሕ መሆናቸው ክርክሩን አቅልሎታል ባይ ነኝ። ከደቡብ ህንድ የመጡት የድብድብ ፊልሞች በሁለቱም ፍላሾች መጨረሻ ታጭቀዋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጨምሩት ነገር ስለሌለ አልፌያቸዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን በዝምታ ማለፍ አይገባም፤ ይኸውም የባለመብት ፈቃድ ነው። በ1996 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የሌላን ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፤ በአገራችን ፊልም የሚጭኑ ቤቶች በዚህ ረገድ ሊያስቡበት ይገባል። በዲኤስቲቪ ዚ ዓለም የተባለው ጣቢያ የህንድ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ የወር ክፍያውን የሚችል ቤተሰብ ጣቢያው እስካለ ድረስ ይህ መንገድ አለው፤ የቆዩትን ፊልሞች እንደዚህ ሱቅ መርጦ፣ አስረድቶ የሚያቀርብ ግን በጅማ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ወደዚያ ቤት ሂዱ፤ ነገር ግን ፍላሹን ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ አትውሰዱ። ከላይ የጠቀስኳቸውን ፊልሞች በስማቸው ጠይቁ፤ ልጆች በቤት ካሉ «ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ»ን አስቀድሙ፣ «ካቢ አልቪዳ ና ኬህና»ን ለትልልቆቹ ተዉት። የምስክር ወረቀቱ የሚታይበት መክፈቻና ዘፈኖቹ ሳይቆረጡ እንዲጫኑም ተናገሩ። ይህን ለባለቤቱ ስነግረው ተቀብሎ ያልተቆረጡትን ቅጂዎች ከኮምፒውተሩ ፈልጎ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጭኖልኛል፤ ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ 64 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ሥራው ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድም ጠዋት ሰጥቶ ከሰዓት መውሰድ ይቀላል።